ከ«ዙኒ» እስከ «ታማሮዋ»፦ የአንዲት ጎታች መርከብ አገልግሎት

የባህር ኃይል ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው በተዋጊ መርከቦች ዙሪያ ነው። አውሮፕላን ተሸካሚው፣ ክሩዘሩና ሰርጓጁ የየራሳቸው መጻሕፍትና ባለታሪኮች ሲኖሯቸው፣ የእነዚህን ሁሉ ቁስለኞች ከጦር ሜዳ እየጎተተች ለጥገና ያደረሰችው መርከብ ግን የምትነሣው በሌላ መርከብ ታሪክ ውስጥ፣ ያውም «ተጎትታ ወደብ ገባች» በሚል አንድ ሐረግ ብቻ ነው። ጎታቿ ማን እንደ ነበረች፣ ገመዱ በምን ዓይነት ባህር ላይ እንደ ተያያዘና ጉዞው ምን ያህል እንደ ከበደ አንባቢው ሳያውቅ ወደሚቀጥለው ውጊያ ይሻገራል። ይህ ምዕራፍ ያንኑ ታሪክ ከገመዱ ሌላኛው ጫፍ የሚመለከት ሲሆን፣ ለዚህም በ1943 አገልግሎት ጀምራ እስከ 1994 የቆየችውን፣ በመጀመሪያ «ዙኒ» ኋላም «ታማሮዋ» የተባለችውን የአሜሪካ የውቅያኖስ ጎታች መርከብ ይከተላል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎታች መርከብ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በወደብ ውስጥ ግዙፍ መርከቦችን እየገፋች ከመቆሚያቸው የምታስጠጋውን ትንሽና ጉልበተኛ ጀልባ ነው። የውቅያኖስ ጎታች ግን ከእርሷ ጋር ስሙን ትጋራለች እንጂ ሥራዋ ሌላ ነው። ከወደብ በሺዎች በሚቆጠር ማይል ርቃ መሄድ፣ ለሳምንታት የሚበቃ ነዳጅና ስንቅ መያዝ፣ በማዕበል ውስጥ ሌላ መርከብ አስራ መጓዝ ይጠበቅባታል፤ ከመጎተት በተጨማሪም እሳት የሚያጠፉ የውሃ መድፎች፣ ውሃ የሚቀዱ ፓምፖች፣ የብየዳ መሣሪያና ጠላቂ ዋናተኞች ስለምትይዝ፣ የተመታች መርከብ እስክትጎተት ድረስ እንዳትሰጥም የምታደርገውም እርሷ ናት። የአሜሪካ ባህር ኃይል ከጦር መርከቦቹ ጋር አብረው ለሚዘምቱት የዚህ ዓይነት መርከቦች በ1944 «የፍሊት ውቅያኖስ ጎታች» የሚል ምድብ ሰጣቸው፤ ፍሊት ማለት በአንድ ዕዝ ሥር የሚንቀሳቀስ የመርከቦች ስብስብ ነው።

«ዙኒ» የተሠራችው በኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ ሲሆን፣ በጁላይ 1943 ውሃ ላይ ወርዳ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 9 ሥራ ጀመረች። ስሟን ያገኘችው በኒው ሜክሲኮ ከሚኖረው የዙኒ ሕዝብ ነው፤ የዚህ ምድብ መርከቦች በነባር የአሜሪካ ሕዝቦች ስም የሚጠሩ ነበሩና። የምድቡ በኩር «ናቫሆ» ስትሆን፣ በሴፕቴምበር 1943 ቤንዚን የጫነ የጭነት ጀልባ እየጎተተች ሳለ በፓሲፊክ ሰጥማለች። «ሴሚኖል» የተባለችው እህቷም ከዚያ ቀደም ብሎ በ1942 በጓዳልካናል አጠገብ በጃፓን መርከቦች ተኩስ ጠፍታለች። ጎታች መርከብ ከውጊያ ኋላ የምትሠራ ናት የሚለው አመለካከት ትክክል እንዳልሆነ ለማስረዳት እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ።

የ«ዙኒ» ርዝመት 62 ሜትር ከግማሽ፣ ወርዷ ከ12 ሜትር ያነሰ፣ መደበኛ ክብደቷም 1,235 ቶን ነበር። አራት የናፍጣ ሞተሮች ነበሯት፤ ሞተሮቹ ግን ፕሮፔለሩን በቀጥታ አያዞሩም። የእነርሱ ሥራ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ሲሆን፣ አንዱን ፕሮፔለር የሚያዞረው ያን ኤሌክትሪክ የሚቀበል ሌላ ሞተር ነው። ይህ አሠራር ዙሪያ ጥምጥም ቢመስልም ለመጎተት ሥራ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም ለፍጥነት የተሠራች መርከብ ሙሉ ኃይሏን የምታወጣው በፍጥነት ስትሄድ ሲሆን፣ ጎታች ግን ሙሉ ኃይሏን የምትፈልገው ጭራሽ በማትንቀሳቀስበት ወይም በሰዓት ሦስትና አራት ማይል በምትገፋበት ጊዜ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ በዝግታ ዙር ላይ ከፍተኛ የመጠምዘዝ ኃይል ከመስጠቱም በላይ ፍጥነቱን በጥቂት በጥቂቱ ለመጨመርና ለመቀነስ ያስችላል።

በመጎተት ሥራ ትልቁ ጠላት የጭነቱ ክብደት ሳይሆን ድንገተኛ ንጥቂያ ነው። በጸጥተኛ ውሃ ላይ አንድ ጊዜ መንቀሳቀስ የጀመረ አሥር ሺህ ቶን መርከብ በመጠነኛ ኃይል ይከተላል፤ በሞገድ ላይ ግን ጎታቿ ወደ ፊት ስትወረወር ተጎታቿ ወደ ኋላ ብትጎተት፣ የክንድ ውፍረት ያለው የብረት ገመድ እንኳ በአንድ ጊዜ ሊበጠስ ይችላል። የተበጠሰ ገመድ ደግሞ ተወጥሮ የነበረውን ኃይል ይዞ ወደ ኋላ ስለሚመለስ በመንገዱ ያገኘውን ሰው ይቆርጣል። መፍትሔው ገመዱን ማሳጠር ሳይሆን ማስረዘም ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር የተለቀቀ ከባድ ገመድ በራሱ ክብደት መሀሉ ወደ ባህር ጠልቆ ስለሚንጠለጠል፣ ሞገድ ሁለቱን መርከቦች ሲያራርቃቸው በመጀመሪያ ያ የጠለቀው መሀል ቀና ይላል፤ ገመዱ እስኪወጠር ድረስም ንጥቂያው አቅሙን ያጣል። ከዚህ ሌላ የገመዱ ርዝመት ከሞገዱ ርዝመት ጋር ይስተካከላል፤ ቃሬዛ ተሸክመው በወጣ ገባ መንገድ የሚሄዱ ሰዎች እርምጃቸውን እንደሚያስማሙ ሁሉ፣ ሁለቱ መርከቦችም ሞገዱን አብረው እንዲወጡና አብረው እንዲወርዱ ይደረጋል። በመርከቧ የኋላ ወለል ላይ የተተከለው ግዙፍ ዊንች ደግሞ፣ ውጥረቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ በራሱ ጊዜ ገመድ ይለቃል፣ ሲላላም መልሶ ይጠቀልላል።

ገመዱን ማያያዙ ራሱ ረጅም ሥራ ነው። ጎታቿ በተቻለ መጠን ተጠግታ በመጀመሪያ ቀጭን ሲባጎ በጠመንጃ መሰል መሣሪያ ትወረውራለች። የተጎዳችው መርከብ ባሕረኞች በዚያ ሲባጎ ጠንከር ያለ ገመድ ይስባሉ፣ በእርሱም ከእርሱ የሚወፍረውን፣ በመጨረሻ ዋናውን የብረት ገመድ። ከዚያም መልህቃቸውን ፈትተው፣ የመልህቁን ሰንሰለት ከብረቱ ገመድ ጋር ያጋጥማሉ፤ ሰንሰለቱ የሚመረጠው የመርከቧን ጠርዝ እየፈገፈገ በሚወጣበት ቦታ ከገመድ ይልቅ መፋቅን ስለሚችል ነው። በጎታቿ በኩል የሚወጣው ገመድም ሁልጊዜ በአንድ ነጥብ ላይ እንዳይበላ ግራሶ ይቀባል፣ በየጊዜውም ትንሽ ትንሽ እየተለቀቀ መፋቂያው ቦታ ይቀየራል። በተመታች መርከብ ላይ ግን መልህቅ ሳቢውን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ብዙ ጊዜ ስለሚቋረጥ፣ ይህ ሁሉ በእጅ፣ አንዳንዴም በጨለማ ይሠራል።

በኦክቶበር 1944 የአሜሪካ ሦስተኛ ፍሊት በፎርሞሳ፣ ማለትም በዛሬዋ ታይዋን፣ ላይ ባካሄደው የአየር ጥቃት ሁለት ክሩዘሮች በጃፓን አውሮፕላኖች ቶርፒዶ ተመቱ፤ «ካንቤራ» በ13ኛው ቀን፣ «ሂውስተን» በማግስቱ። ከሚቀርባቸው የአሜሪካ መጠገኛ፣ ከኡሊቲ ደሴቶች፣ ወደ 1,300 ማይል ርቀው ስለነበር ሁለቱንም ሰው አውጥቶ ማስጠሙ የሚያስኬድ ምርጫ ነበር። የፍሊቱ አዛዥ አድሚራል ሃልሲ ግን ይጎተቱ አለ። በመጀመሪያ ሌሎች ክሩዘሮች አስረዋቸው ከተጓዙ በኋላ የ«ዙኒ» እህቶች የሆኑት «መንሲ» እና «ፖኒ» ተረከቧቸው። በ16ኛው ቀን «ሂውስተን» እየተጎተተች ሳለ እንደ ገና ቶርፒዶ አገኛት፤ «ፖኒ»ም ገመዱን ከመቁረጥ ይልቅ ከጎኗ እንደማትለይ በምልክት አስታውቃ ጉዞውን ቀጠለች። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቶን የምትመዝን መርከብ፣ ውሃ የሞላትን የአሥር ሺህ ቶን ክሩዘር አስራ፣ ከላይ አውሮፕላን እየመጣባት በብስክሌት ፍጥነት እንኳ ሳትሄድ የሰጠችው መልስ ነው። ሁለቱም ክሩዘሮች በ27ኛው ቀን ኡሊቲ ደረሱ።

የ«ዙኒ» ተራ የመጣው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነበር። በኖቬምበር 3 ሌሊት፣ ከፊሊፒንስ ሳን ቤርናርዲኖ ወሽመጥ በስተምሥራቅ፣ ክሩዘሯ «ሪኖ» ከአንድ የጃፓን ሰርጓጅ በተተኮሱ ቶርፒዶዎች በግራ ጎኗ ተመታች። የ«ሪኖ» ዓይነት ክሩዘሮች ለፀረ አውሮፕላን መከላከያ የተሠሩና ከላይ መድፍ የበዛባቸው ስለነበሩ፣ ውሃ ሲገባባቸው የመገልበጥ አደጋቸው ከፍ ያለ ነው፤ ከእርሷ በፊት ቶርፒዶ ያገኛቸው ሁለት ተመሳሳይ መርከቦች፣ «አትላንታ» እና «ጁኖ»፣ በ1942 ጠፍተዋል። «ዙኒ» ይህችን ያጋደለች መርከብ አስራ ኡሊቲ ድረስ ወሰደቻት፤ የባህር ኃይሉ መዝገብ ጉዞውን 1,500 ማይል ይለዋል። ተጎታች መርከብ በአንድ ጎኗ ስትከብድ ቀጥ ብላ አትከተልም፤ ወደ ከበደው ጎን እያፈነገጠች ገመዱን በሰያፍ ስለምትስብ፣ የጎታቿ መሪ ያዥ በእያንዳንዱ ሰዓት ከዚያ ጉተታ ጋር ይታገላል። «ሪኖ» በኋላ አሜሪካ ደርሳ በቻርልስተን ሙሉ ጥገና አግኝታለች፣ ከጦርነቱም በኋላ ወታደሮችን ከአውሮፓ ወደ ሀገራቸው መልሳለች። እነዚያ ወታደሮች የተሳፈሩባት መርከብ በማን ገመድ እንደ ተረፈች የጠየቁ አይመስልም።

በፌብሩዋሪ 1945 የኢዎ ጂማ ማረፍ ሲጀመር ለጎታቾች የጠበቃቸው ሥራ ሌላ ነበር። የደሴቲቱ ዳርቻ እግር የሚውጥ ጥቁር የእሳተ ገሞራ አመድ ሲሆን ከውሃው ወዲያው ወደ ላይ ይነሣል፤ ጭነት ሊያራግፉ አፍንጫቸውን የሚያስጠጉት የማረፊያ መርከቦች ከኋላ በሚመጣው ሞገድ እየተመቱ ይዞራሉ፣ ጎናቸውንም ለሞገዱ ሰጥተው አሸዋው ላይ ይቀራሉ። «ዙኒ» በዚያ 31 ቀን ቆይታ የተጣበቁትን ስትጎትት ራሷም ዳርቻው ላይ ወጥታ ኪሏ፣ ማለትም ከአፍንጫ እስከ ጅራት አካሏን የሚሸከመው የታችኛው አውታር፣ ተሰበረ፤ ጎኗም ተበሳ። ተጠግና ወደ ሥራ ብትመለስም ጦርነቱ ወዲያው አለቀ። አራት የውጊያ ኮከብ ተሸልማለች፤ ለአንዲት ጎታች ቀላል ቁጥር አይደለም።

ጦርነት ሲያልቅ በአንድ ጊዜ ሥራ ፈት የሚሆኑት የመርከቦች ብዛት ይህ ነው አይባልም። ከ«ዙኒ» ምድብ «ዩማ» ለፓኪስታን፣ «መኖሚኒ» ለኢንዶኔዥያ በኋላ ተላልፈዋል፤ ምጽዋ ላይ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ባህር ኃይል ባንዲራ መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ»ም በዚያው ጦርነት ጊዜ በዚያው የአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ የተሠራች፣ «ኦርካ» ተብላ በፊሊፒንስ የባህር አውሮፕላኖችን ስትረዳ የቆየችና በ1962 ለኢትዮጵያ የተሰጠች መርከብ ነበረች። «ዙኒ» ግን ከሀገሯ አልወጣችም። በጁን 1946 ወደ አሜሪካ የባህር ጠረፍ ጥበቃ፣ በተለምዶ ኮስት ጋርድ ወደሚባለው መሥሪያ ቤት ተዛወረች፤ ይህ መሥሪያ ቤት በባህር ላይ ፖሊስም፣ አደጋ ተከላካይም፣ ጉምሩክም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስሟም በኢሊኖይ ሀገር ይኖር በነበረ ሕዝብ ስም «ታማሮዋ» ተባለ።

በኒው ዮርክ መቀመጫዋን አድርጋ ቀጣዮቹን አሥርት ዓመታት ያሳለፈችው ሞተራቸው የጠፋ መርከቦችን በመጎተት፣ ዓሣ አጥማጆችን በመቆጣጠርና በኋላም አደንዛዥ ዕፅ የሚያሻግሩትን በማሳደድ ነው። በጁላይ 1956 የጣሊያኗ የመንገደኞች መርከብ «አንድሬያ ዶሪያ» ከስዊድኗ «ስቶክሆልም» ጋር በናንተኬት አጠገብ በጉም ውስጥ ስትጋጭ ከተላኩት የኮስት ጋርድ መርከቦች አንዷ ነበረች፤ ይሁንና ከ1,600 በላይ ከሚሆኑት የተረፉ ሰዎች ከሌሎቹ መርከቦች ሁሉ የበለጡትን ያወጣችው የፈረንሳይዋ «ኢል ደ ፍራንስ» መሆኗን መርሳት አይገባም፤ እርሷ ብቻ 753 ሰዎች ተቀብላለች።

«ታማሮዋ»ን በሕግ ትምህርት ቤቶች ያሳወቃት ክስተት ግን የተፈጸመው በባህር ላይ ሳይሆን በብሩክሊን፣ ተንሳፋፊ መጠገኛ ላይ ሆና ነው። ተንሳፋፊ መጠገኛ ማለት ሁለት ግድግዳ ያለውና ከሥሩ ባዶ ታንኮች የተሰለፉበት ግዙፍ መድረክ ነው፤ ታንኮቹ ውሃ ሲሞሉ መድረኩ ይሰምጣል፣ መርከቧ በላዩ ትገባለች፣ ውሃው በፓምፕ ሲወጣም መርከቧን በእንጨት ማስቀመጫዎች ላይ እንደ ተሸከመ ከባህሩ ይነሣል። በማርች 1963 «ታማሮዋ» በዚህ ሁኔታ በጥገና ላይ ሳለች ባሕረኞቿ እዚያው መርከቧ ውስጥ ያድሩ ነበር። በ14ኛው ቀን ሌሊት አንድ ወጣት ባሕረኛ ከእረፍት ሰክሮ ሲመለስ፣ ወደ መርከቧ በሚያልፍበት በመጠገኛው ግድግዳ ላይ የተተከሉ ትልልቅ መዘውሮች አየና እየደጋገመ አዞራቸው። መዘውሮቹ ውሃ ወደ ታንኮቹ የሚያስገቡትን ቫልቮች የሚከፍቱ ነበሩ። ከዚያም ገብቶ ለባልደረባው ስለ ቫልቭ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ ማንም ትርጉም አልሰጠውም። ውሃው የገባው በአንድ በኩል ባሉ ታንኮች ብቻ ስለ ነበር መድረኩ ያጋድል ጀመር፤ መርከቧም ከማስቀመጫዎቹ ተንሸራትታ በግድግዳው ላይ ወደቀች፣ መጠገኛውም ራሱ በከፊል ሰጠመ። የሰው ሕይወት አለመጥፋቱ ዕድል ነው።

የመጠገኛው ባለቤት መንግሥትን ከሰሰ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ሰክሮ፣ ያለ ምንም ትእዛዝ፣ ለማንም በማይጠቅም ሁኔታ መዘውር ያዞረ ሠራተኛ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው ይጠየቃል ወይ? በቆየው አስተሳሰብ አሠሪ የሚጠየቀው ሠራተኛው ቢያንስ በከፊል ለአሠሪው ጥቅም ሲሠራ ላደረሰው ጉዳት ነው፤ ይህን ድርጊት ደግሞ ለኮስት ጋርድ ጥቅም የተፈጸመ ነው ለማለት የሚደፍር የለም። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ሄንሪ ፍሬንድሊ በ1968 የሰጡት ውሳኔ ግን መንግሥት ይክፈል የሚል ሲሆን፣ ምክንያታቸውም ባሕረኞች በወደብ ከተማ እየወጡ እየጠጡ መመለሳቸው የባህር አገልግሎት ያለና የነበረ ጠባይ ስለሆነ፣ አንድ ድርጅት ከሥራው ጠባይ ጋር አብሮ የሚመጣን አደጋ «የእኔ አይደለም» ሊል አይገባውም የሚል ነበር። ባሕረኛው የጠጣበትን ቡና ቤት ቢያቃጥል ኖሮ ወይም በመንገድ ላይ አደጋ ቢያደርስ መንግሥት እንደማይጠየቅ ጭምር ገልጸዋል፤ ያ ማንም ሰካራም ሊያደርሰው የሚችል አደጋ ነውና። ወሰኑ የተሰመረው እንግዲህ በሠራተኛው ሐሳብ ላይ ሳይሆን በአደጋው ምንጭ ላይ ነው። ውሳኔው እስከ ዛሬ በአሜሪካ የሕግ ተማሪዎች ይነበባል፤ በጉዳዩ ውስጥ የተጠቀሰችው መርከብ ኢዎ ጂማ ላይ ኪሏ የተሰበረባት መሆኗን ግን ከተማሪዎቹ የሚያውቀው ጥቂት ነው።

መርከቧ ተነሥታ ተጠገነች፣ ከዚያም በኋላ ሠላሳ ዓመት ሠራች። በኦክቶበር 1991 መጨረሻ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ጠረፍ የተነሣው፣ ኋላ በሴባስቲያን ዩንገር መጽሐፍና በ2000 በወጣው ፊልም የታወቀው ማዕበል ሲመጣ የ48 ዓመት አሮጌ ነበረች። በመጀመሪያ «ሳቶሪ» ወደ ተባለች ትንሽ የሸራ ጀልባ ተላከች፤ በውስጧ ሦስት ሰዎች ነበሩ። «ታማሮዋ» ያወረደችው ጀልባ በሞገዱ ስለ ተጎዳ ሰዎቹን በመጨረሻ ያወጣቸው ሄሊኮፕተር ነው። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ሰው ለማዳን የወጣ የኒው ዮርክ አየር ብሔራዊ ዘብ ሄሊኮፕተር፣ በአየር ላይ ከነዳጅ ጫኝ አውሮፕላን የሚዘረጋለትን ቱቦ በነፋሱና በጠፋው እይታ ምክንያት መያዝ አቅቶት፣ ከሎንግ አይላንድ በስተደቡብ ባህር ላይ ለማረፍ ተገደደ። አምስት ሰዎች በጨለማ ባህሩ ውስጥ ገቡ።

«ታማሮዋ» በቦታው የደረሰችው ከሰዓታት በኋላ ነው። ከሰዎቹ በነፋሱ በኩል ሆና ጎኗን ለማዕበሉ ሰጥታ እየተንሳፈፈች ወደ እነርሱ መቅረብ ነበረባት፤ ይህ ደግሞ ማንኛውም አዛዥ በእንዲህ ዓይነት ባህር ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸሸው አቋም ነው፣ መርከብ የምትገለበጠው በዚያ ነውና። እዚህ ላይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ለመጎተት ሲባል የተወሰነው ቅርጿ ያገለገላት ይመስላል። ገመዱ በሰፊው ዞሮ እንዲጫወት ሲባል የኋላ ወለሏ ከውሃው ብዙም ከፍ ሳይል ነበር የተሠራው፤ በዚህም ምክንያት በተራ ቀን ሞገድ የሚያጥባት፣ ባሕረኞቿንም በመንገዳገድ የምታማርር መርከብ ሆናለች። በዚያች ሌሊት ግን ዝቅተኛው ጎኗ በውሃ ውስጥ ላሉት ቅርብ ሆነ። ባሕረኞቹ የጭነት መረብ በጎኗ አውርደው፣ መርከቧ ወደ ውሃው ስታጋድል መረቡን የያዘውን ሰው ስትመለስ ወደ ላይ እየሳቡ አራቱን አወጡ። አምስተኛው፣ በፓራሹት የሚወርድ ነፍስ አዳኝ የነበረው፣ ለቀናት ቢፈለግም አልተገኘም።

በፌብሩዋሪ 1994 ከአገልግሎት ስትወጣ ለጥገናዋ የሚያስፈልገውን ገንዘብ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ለጥቂት ጊዜ በኒው ዮርክ የኢንትሬፒድ ሙዚየም ይዞታ ሆነች፤ ከዚያም በቨርጂኒያ የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች ወደ ጦርነቱ ጊዜ መልኳ ሊመልሷት ለዓመታት ደከሙ። የብረቷ ነገር ግን አልፈቀደም፤ በ2012 የአካሏ የታችኛው ክፍል ውሃ ማስገባት ስለ ጀመረ ተስፋው ተቋረጠ። ነዳጇና መርዛማ ዕቃዎቿ ከወጡ በኋላ፣ በሜይ 10 ቀን 2017 በደላዌርና በኒው ጀርሲ ጠረፍ ትይዩ፣ የሦስት ግዛቶች የጋራ በሆነው ሰው ሠራሽ የዓሣ መጠለያ ውስጥ እንድትሰጥም ተደረገ። ቦታው ከ35 ሜትር በላይ ይጠልቃል። አሸዋማ በሆነው በዚያ የባህር ወለል ላይ ዓሣ የሚጠለልበት ድንጋይ የለምና ግዛቶቹ በጠረፋቸው ለዓመታት አሮጌ የምድር ባቡር ፉርጎዎችን ሲያሰጥሙ ነበር፤ 171 ሜትር የምትረዝመው አጥፊ መርከብ «ራድፎርድ»ም ከ2011 ጀምሮ በዚሁ መጠለያ ውስጥ ናት።